እትዬ የተቀመጠችበት ድንጋይ

ታላቅ እህቴ እትዬ፣ ነፍሷን ይማርና፣ ሳሪስ አቦ ታክሲ መውረጃው ጋ ያለ ድንጋይ ላይ ቁጭ ብላ ልጅ ይዞ የሚያልፈውን ሁሉ ታስቆም ነበር። ልጁን ነው የምትጠይቀው፦ «የማን ልጅ ነህ? እናትህስ ማን ትባላለች?»

እኔ እስቅባት ነበር። «አንቺ ሴትዮ፣ ትራፊክ ሆንሽ እንዴ? ፊሽካ ልግዛልሽ?»

«ግዢልኛ!» ትለኛለች።

አንድ ቀን አንድ የቤት ሠራተኛ ደላላ አንዲት ትንሽ ልጅ እየጎተተ መጣ። «የእህቴ ልጅ ናት» አለ።

«እህትህ ማን ትባላለች?»

«አልማዝ።»

ልጅቷ ቀስ ብላ፣ «የእኔ እናት ዘሪቱ ናት» አለች። እትዬ ነጠላዋን ጥላ ኮሌታውን አነቀችው። ኡኡ ስትል ሰፈሩ ግልብጥ ብሎ ወጣ። ልጅቷም እናቷ ጋ ተመለሰች።

እትዬን በቀበርን በሳምንቱ የጎረቤታችን ልጅ ጠፋች። እናቷን ይዤ ጣቢያ ብሄድ አንዱ ጎረምሳ ፖሊስ፣ «እማማ፣ ትንሽ ይታገሱ፤ ራሷ ትመጣ ይሆናል» አለኝ። የምን መታገስ ነው! ወሳጁ ይታገሳል እንዴ? ሬዲዮኑ ለልጆች ሕግ ወጣ ይላል፣ የጠፋ ልጅ ቶሎ ይፈለጋል ይላል። ይውጣ፣ ደግ ነው። ግን ከጣቢያው መሳቢያ ማን ያውጣው?

ባለሱቁ ደግሞ፣ «በድንጋዩ በኩል ከአንድ ሰውዬ ጋር ስታልፍ አየኋት፤ ዘመዷ መስሎኝ ዝም አልኩ» ይለኛል። መስሎት! አፍ አልነበረውም? ድንጋዩ ባዶ ነበር፤ የጠየቃትም የለም። ልጅቷ እስከ ዛሬ አልተገኘችም፤ እናቷ በሯን አትዘጋም።

እኔም ከዚያ ቀን ጀምሮ ድንጋዩ ላይ እውላለሁ። ፊሽካውንም ገዝቻለሁ፣ እትዬ።