ካርቶኑ ላይ የተጻፈው ስም

ባለቤቴ የመዋዕለ ሕፃናት መምህርት ናት። ሦስት ዓመት ሙሉ በርቀት ዲፕሎማ ስትማር ቆይታ የመጨረሻው ፈተና ብቻ ቀራት። ፈተናው ዳንግላ፣ በኮሌጁ አዳራሽ፣ በኮምፒውተር የሚሰጥ ነው። ተፈታኙ የራሱን ላፕቶፕ ይዞ ይገባል፤ ስልክ በር ላይ ይቀራል፤ ኢንተርኔቱ የአዳራሹ ዋይፋይ ብቻ ነው። ያን ቀን መገናኘት ያልቻለ ዓመቱን ይደግማል።

የእኛ ላፕቶፕ ዋይፋዩ ከሞተ ቆይቷል። አሮጌ ስለሆነ እንዲፈጥን ብዬ በዊንዶውስ ፈንታ ሊኑክስ የጫንሁበት እኔው ነኝ። በመሥሪያ ቤቴ "ኮምፒውተር የሚያውቀው" የምባል ሰው ስለሆንሁ "አታስቢ፣ ለእኔ ተይው" አልኋት። ከዳንግላ አውራ ጣት የሚያህል፣ ዩኤስቢ ላይ የሚሰካ የዋይፋይ መቀበያ ገዝቼ እንጅባራ ቤታችን ይዤ ገባሁ።

ሰካሁት። ምንም። ኢንተርኔት እንዲያገኝ ስልኬን በገመድ ከላፕቶፑ ጋር አገናኘሁና ካርቶኑ ላይ ስሙ የተጻፈውን አምራች ድራይቨር፣ ማለትም ዕቃውን ከኮምፒውተሩ ጋር የሚያግባባውን ፕሮግራም፣ አውርጄ ጫንሁ። አሁንም ምንም። አጠፋሁ፣ አበራሁ፣ ነቅዬ በሌላ በኩል ሰካሁ። ሦስት ቀን ከሥራ እየመጣሁ ትእዛዝ በሚጻፍበት ጥቁር ገጽ ላይ ስጽፍ፣ ስሰርዝ፣ ስሳደብ ሰነበትሁ። ለፈተናው ሁለት ቀን ሲቀር እጄን ሰጠሁ። ይባስ ብዬ ጥፋቱን በዕቃው ላይ ላከክሁ። "የተበላሸ ነው የሸጡልኝ! ዘንድሮን ተይው፤ ለከርሞ ትፈተኛለሽ" ብዬ ጮኽሁባት። ሦስት ዓመት የለፋችው እሷ፣ የምቆጣው እኔ። አሁን ሳስበው አፍራለሁ።

እሷ አልተቆጣችም። ደብተሯን ይዛ መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች።

"እስቲ ከመጀመሪያው ንገረኝ። ይህ ዕቃ የማን ነው?"

ካርቶኑን አነሣሁና ስሙን አነበብሁላት።

"ካርቶኑን ተወው፤ እሱ ልብሱ ነው። ራሱን ጠይቀው።"

ነገሩን ከየት እንዳመጣችው አልጠፋኝም። ባለቤቴ የጥርባ ገጠር ገበሬ ልጅ ናት፤ አፏን የፈታችው በአዊ አገዎች ቋንቋ በአውንጊ ነው። እኔ ከአማርኛ ሌላ የማላውቅ የከተማ ልጅ ነኝ። ሽማግሌ የላክሁ ጊዜ አባቷ ሥራዬንም ትምህርቴንም አልጠየቁም። "የማን ልጅ ነው?" አሉ። የአባቴ ስም ሲነገራቸው "የእሱስ አባት?" እያሉ እስከ ሰባት ቤት ቆጠሩ። የእኔን ስም የጠየቁት ዝምድና እንደሌለን ካረጋገጡ በኋላ ነው። እሷ ጓዳ ሆና ሁሉንም ትሰማ ነበር።

የተሰኩትን ዕቃዎች የሚዘረዝር አንድ አጭር ትእዛዝ አለ። ጻፍሁት። ቁጥርና ፊደል የተቀላቀለበት መስመር ወጣ፤ ሦስት ቀን ሙሉ እያየሁ ያለፍሁት ነው።

"ይኸ ምንድን ነው?"

"የፋብሪካ መለያ ነው፤ ለእኛ አይጠቅመንም።"

"ካልጠቀመ ለምን ጻፉት?" አለችና ደብተሯ ላይ በእርሳስ ገለበጠችው። ስልኬን ተቀብላ ያንኑ እንዳለ ኢንተርኔት ላይ ፈለገችው። ለካስ ካርቶኑ ላይ ያለው የሻጩ ስም ብቻ ኖሯል! የውስጡን ቺፕ የሠራው ፈጽሞ ሌላ ፋብሪካ ነው።

የዚያን ፋብሪካ ድራይቨር ልጭን ስጣደፍ እጄን ያዘችኝ። "መጀመሪያ ያን የማይመለከተውን አስወጣው።" አስወጣሁ። ከዚያ እሷ ከስልኩ እያነበበች፣ እኔ እየጻፍሁ ቀጠልን። አንዱን መስመር ልክ እንደ ተማሪዎቿ መልሼ ሳላነብላት ወደሚቀጥለው አትሄድም። ላፕቶፑ ጠፍቶ ሲነሣ መቀበያው ላይ ትንሽ አረንጓዴ መብራት ብልጭ አለች፤ የጎረቤታችን ሆቴል ዋይፋይ ስምም ስክሪኑ ላይ መጣ። እኔ ጮቤ ረገጥሁ። እሷ "ገባ?" ብላ ጠይቃ ወደ ጥናቷ ተመለሰች። እንደዚያ ቀን ኮርቼባት አላውቅም።

ዳንግላ ፈተናዋን አንድም ጊዜ ሳይቋረጥባት ጨርሳ ወጣች፤ ኋላም ማለፏ ተነገረን። የፈተናው ዕለት በሚኒባስ እንጅባራ ስንመለስ የዕቃውን ነገር በስልክ የሰሙት አባቷ ድንች ይዘውልን መጥተው በር ላይ ይጠብቁናል።

"ተሳካ? ያን ዕቃ ማን ሠራው?" አሉ።

"ባሌ ነው የሠራው" አለች፣ ዓይኗን እንኳ ሳታሽ።

አላስቻለኝም። "አይደለም አባባ፣ ልጅዎ ናት የሠራችው። እኔማ ለከርሞ ተይው ብዬ ጮኼባት ነበር" አልኋቸው።

እሳቸው ትንሽ አዩኝና ወደ እሷ ዞረው በአውንጊ አንድ ነገር አሏት። እሷም አጠር አድርጋ መለሰችላቸው። ሁለቱም ሳቁ። ድንቹን ተሸክመን ስንገባ ምን እንዳሉ ጠየቅኋት።

"'ሰባት ቤት ስቆጥር ጠባዩን ሳልጠይቅ ሰጠሁሽ' ነው ያሉኝ።"

"አንቺስ ምን አልሻቸው?"

"'ግድ የለም፣ ጠባዩን እኔ ራሱን ጠይቄዋለሁ' አልኋቸው።"