መርዶ ነጋሪ ፍለጋ

ልደታ ኮንዶሚኒየም ከገባሁ ዓመታት ቢቆጠሩም ስሜን የሚያውቅ ጎረቤት የለኝም። "ኬንያዊው" ነው የሚሉኝ። የተወለድኩት ሞያሌ፣ በኢትዮጵያው በኩል ነው፤ መታወቂያዬም ኢትዮጵያዊ ነው። መጀመሪያ ሰሞን እየተጨቃጨቅኩ አስረዳ ነበር፤ ኋላ ሰለቸኝና ተውኩት። ከተማችንን ድንበር ለሁለት ስለከፈላት እናቴ ከታላቅ ወንድሜ ጋር የምትኖረው በኬንያው በኩል ነበር። ልጠይቃት ስሄድ ደግሞ የዚያ ሰፈር ሰዎች "ሐበሻው መጣ" ይላሉ። ሁለቱም ለወዲያኛው ያስረክቡኛል።

እኛ ጋ መርዶ ለባለቤቱ በስልክ አይነገርም። ጎረቤት ተሰብስቦ በማለዳ ይመጣና አስቀምጦ፣ ደግፎ ይነግረዋል። መርዶውን ብቻውን የሰማ ሰው ወገን እንደሌለው ይቆጠራል።

ባለፈው ክረምት አንድ እሑድ ጠዋት ወንድሜ ደወለ። ሰላምታውን አሳጠረና "አጠገብህ ማን አለ?" አለኝ። ወዲያው ገባኝ፤ እናቴ ታማ ነበር። ወንድሜ እንዲህ የደወለው ልደታ ውስጥ መርዶውን የሚነግረኝ የቅርብ ሰው ፈልጎ ስላጣ ነው። ከሐዘኑ እኩል ኀፍረት ተሰማኝ። "ማንም የለም" ማለት አቃተኝ።

"ጎረቤቶች አሉ" አልኩት።

"በል ስልኩን ለአንዳቸው ስጥ።"

ሸሚዜን እንኳ ሳልቆልፍ ወጥቼ ፊት ለፊቴ የሚኖሩትን ትልቅ ሴትዮ በር አንኳኳሁ። ከሰላምታ ያለፈ ተነጋግረን አናውቅም።

"እማማ፣ ወንድሜ ሊያነጋግርዎ ፈልጎ ነው" ብዬ ስልኩን ሰጠኋቸው።

ግራ እንደተጋቡ ጆሯቸው ላይ አደረጉት። ወንድሜ ከኦሮምኛና ከስዋሂሊ ሌላ እንደማይችል፣ እሳቸው ደግሞ ከአማርኛ ሌላ እንደማይሰሙ ትዝ ያለኝ ያኔ ነው። ወንድሜማ ጭራሽ አላሰበውም፤ በእኛ ሰፈር ጎረቤት ሆኖ ኦሮምኛ የማይሰማ የለም። ረጅም ጊዜ አወራ። እንዴት አድርገው ሊነግሩኝ እንደሚገባቸው፣ እንዳያስቸኩሉኝ፣ መጀመሪያ እንዲያስቀምጡኝ ሲለምናቸው ከስልኩ ይሰማኛል። እሳቸው በትዕግሥት "እሺ... እሺ ልጄ" ይላሉ። በመጨረሻ ስልኩን መለሱልኝ።

"ነገሩህ?" አለ ወንድሜ።

"ነግረውኛል።"

"ደግ ሰው ናቸው። አመስግንልኝ" አለና አለቀሰ።

ስልኩን ስዘጋ ሴትዮዋ በራቸውን ይዘው ያዩኛል።

"አንድም ነገር አልገባኝም። ምንድን ነው የሚለው፣ ልጄ?" አሉኝ።

"እናታችን ሞታለች ነው የሚልዎ" አልኳቸው።