በእህቴ ዲዛይን ላይ የከደንኩት ጣራ

ሶዶ ውስጥ ከኔ የተሻለ ቆርቆሮ የሚመታ አለ የሚል ካለ ይምጣ፤ መሰላሉን ራሴ እይዝለታለሁ። የተማርኩት እስከ አራተኛ ክፍል ነው። አምስተኛ ክፍል የገባሁት ጣራውን ልከድን ነው።

እሱንም በዴሳ ከተማ፣ በጥቃቅንና አነስተኛ ተደራጅተን ስንሠራ አንድ ተቆጣጣሪ መጣ። ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምር፣ ነጭ ሄልሜት ያደረገ፣ ጫማው ጭቃ ነክቶት የማያውቅ ሰውዬ ነው። ሜትሩን ዘረጋና "ቆርቆሮው ከመስመር ሦስት ሴንቲ ወጥቷል፣ ይፍረስ!" አለ። እሺ፣ ወጥቷል፤ አልካድኩም። ግን ቀን ሠራተኞቹ ፊት "ይሄን መሃይም ማነው ጣራ ላይ ያወጣው?" አለኝ። ጭቃ የሚያቦካው ሳይቀር ሳቀብኝ። ምስማሩን አንድ በአንድ ስነቅል የሱን ጥርስ የምነቅል ይመስለኝ ነበር።

ቀን አለ አልኩ። ቀኑን ያመጣችልኝ እህቴ ናት።

አርክቴክቸር ሦስተኛ ዓመት ነበረች። አንድ ቅዳሜ ዓይኗ አብጦ መጣች። ለሻንቶ ከተማ የገበያ አዳራሽ ዲዛይን ሠርታ መምህሩ በቀይ እስክሪብቶ ሞነጫጭሮባታል። በሳምንት ካላስተካከለች ዓመቱን ትደግማለች። መምህሩ ማነው ስላት ያው ባለ ሄልሜቱ!

"አንድ መስመር እንዳትነኪ!" አልኳት።

"ጋሼ፣ አንተ ስለተጣላህ እኔ ልውደቅ?" ቀጥላ በወላይትኛ ሰደበችኝ፤ በአማርኛ ቢሆን እንደዚያ አያምም።

ቀዩን ቀስ ብዬ አነበብኩት። "ሻጮቹ የት ይቀመጣሉ? ዝናቡስ?" ይላል። ያናደደኝ ልክ መሆኑ ነው። እህቴ መደቡን ሁሉ ውስጥ ደርድራዋለች። የሻንቶ ቅቤ ሻጭ ግን ውስጥ አትገባም፤ መንገደኛ እንዲያያት ውጭ፣ ከጣራው ክፈፍ ሥር ነው የምትቀመጠው። እኔ ራሴ አንዴ እዚያ ክፈፍ አሳጥሬ ከድኜ፣ ዝናብ ሲመጣ ውሃው በሙሉ ቅቤው ላይ ወረደ። የሴቶቹ እርግማን እስካሁን አላለቀም።

"ሂጂና አቀማመጣቸውን እዪ" ብዬ ላክኋት። ስትመለስ እሷ በእጇ እኔ በአፌ ለሞዴሉ ካርቶን ቆረጥን። ክፈፉን ሁለት እርምጃ አስወጣኋት፤ ዝናቡ በሚመጣበት በዳሞታ ተራራ በኩል ደግሞ ዝቅ አስደረግኋት። ላስቲክ አልብሰን በጆግ ውሃ አፈሰስንበት። መጀመሪያ ገባ፤ በሁለተኛው ጠብ አላለም።

የምታቀርብ ቀን ሞዴሉን ባጃጅ ላይ ታቅፌ ሄድኩ። ሰውዬው ሲያደንቅ ተማሪው ሁሉ እየሰማ "መሃይሙ ነው የከደነው!" ልለው መስታወት ፊት ተለማምጃለሁ።

ጎንበስ ብሎ ክፈፉ ሥር ጣቱን ሰደደ። "ይሄ ሐሳብ ጥሩ ነው። ከየት መጣ?"

አፌን ከፈትኩ።

"ሌላ ሰው ሠርቶልሽ ከሆነ ግን ዜሮ ነው" አላት።

እህቴ ገበያ እንደወጣች ፍየል አየችኝ። "ሻንቶ ሄጄ ሻጮቹን አይቼ ነው" አለችው።

ወደኔ ዞረ። "አንተስ ማነህ?" አላወቀኝም እኮ!

"ተሸካሚ ነኝ።" በሕይወቴ እንደዚያ አጭር ወሬ አውርቼ አላውቅም።

"በል ቀስ ብለህ አስቀምጠው፣ ጣራው እንዳይጣመም።"

ለኔ! ስለ ጣራ!

አለፈች። እሷ ስትጨፍር እኔ ጥርሴን አፋጭ ነበር። አሁን ተመርቃለች፤ ዲግሪዋን የሚቀማት የለም። ሰውዬው ግን ሞዴሉን በየዓመቱ ለተማሪ እንደ ምሳሌ ያሳያል አሉ። ያሳይ! ከተማሪዎቹ አንዱ ይሄን የጻፍኩትን ክፍል ውስጥ ጮክ ብሎ ያንብብለት። ቀኑን ብቻ ይንገረኝ፤ ሥራ ዘግቼ በር ላይ ቆሜ ፊቱን አያለሁ።