ከተሰረዘው ስም በታች

በፈረንጆች አቆጣጠር 2014፣ በየካቲት ወር፣ አንድ ማክሰኞ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ፣ እዚህ አሜሪካ፣ አሌክሳንድሪያ የሚኖረው መስፍን ስልኩን አላነሣም። የሆነው ይኸው ነው። በጋዜጠኝነት ዘመኔ ያልተነሣ ስልክ ብዙ ገጥሞኛል፤ ይኼኛው ግን እስከ ዛሬ ከአእምሮዬ አልወጣም።

መስፍን የኮምፒውተር መሐንዲስ ነው። ያኔ አርባ ስድስት ዓመቱ ነበር፤ ብቻውን ይኖራል። ስለ ሥራው ለመጻፍ ከዚያ በፊት በነበረው ሐሙስ አፓርታማው ሄጄ አነጋግሬው ነበር።

የሚሠራው ከርነል በሚባለው፣ ኮምፒውተሩን በሚያዝዘው ውስጠኛ ፕሮግራም ላይ ነው። በአንድ ማሽን ውስጥ ኮር የሚባሉ ብዙ ሠራተኞች አሉ። አንዱ በድንገት ድርቅ ብሎ ሊቀር ይችላል። የደረቀ ኮር ደግሞ ደርቄያለሁ ብሎ አይናገርም። ብዙ ማሽኖች ይህን የሚያውቅ ማንቂያ አብሯቸው ተሠርቶ ይመጣል። ለሌላቸው መላ መፈለግ የመስፍን ሥራ ነበር። ማንቂያው ሲታጣ እያንዳንዱ ኮር ቀጥሎ ያለውን እያየ መንቀሳቀሱን እንዲያረጋግጥ አደረገ።

"ቀላል ይመስላል" አለኝ። "ግን አንዱ ከሥራ ሲወጣ፣ እሱ ይጠብቀው የነበረውን ማን ይረከባል? እሷን ካልጻፍክ አንድ ሰው ሜዳ ላይ ይቀራል። ሁለት ሳምንት የፈጀችብኝ እሷ ናት።"

ኮር ለማለት ሰው ማለቱን እንዳለ ጻፍኩት።

አንድ ጽሑፍ ከመውጣቱ በፊት ለተናገረው ሰው ቃሉን መልሼ አነብለታለሁ። ለዚህም ማክሰኞ አራት ሰዓት ልደውል ተቀጣጠርን። እስከ አራት ሰዓት ከሃያ ድረስ ሦስት ጊዜ ደወልኩ። ክሪስታል ሲቲ ወዳለው መሥሪያ ቤቱ ደወልኩ። ኮምፒውተሩ ኦንላይን እንደሆነ ያሳያል፣ ከቤት እየሠራ ይሆናል አሉኝ። መሥሪያ ቤቱ ተረጋግቷል። እኔ ግን ኮምፒውተሩን አልነበረም የጠየቅኳቸው።

መስፍን የአንድ ዕድር አባል መሆኑን ነግሮኝ ስለነበር ሲልቨር ስፕሪንግ ለሚኖሩት ለዕድሩ ጸሐፊ ለወይዘሮ ጸዳለ ደወልኩ። ዕድሩ አንድ ልማድ አለው። ብቻቸውን የሚኖሩ አባላት ስም ዝርዝር አለ፤ እሑድ እሑድ እያንዳንዱ ከሥሩ ላለው ይደውላል። ሰውየው ካላነሣ ለጸሐፊዋ ይነገራል። ለመስፍን ማን እንደሚደውል ጠየቅኳቸው። ደብተር ሲገለጥ ተሰማኝ።

"ታክሲ ነጂው ነበር። መስከረም ላይ ዳላስ ሙቭ አደረገ፤ ስሙን ሰርዤዋለሁ።"

"መስፍንን ለማን አስተላለፉት?"

ገጹን ወደ ኋላ ሲገልጡ ሰማሁ፤ "ለማንም" አሉ። ከመስፍን ሥር ላሉት አዛውንት በሌላ ስልክ ደወሉና የተባሉትን ነገሩኝ። አዛውንቱ እሑድ አልተደወለላቸውም። ሥራ በዝቶበት ይሆናል ብለው አልፈውታል፤ ሰውን ለምን አልደወልክልኝም ማለት ነውር መስሏቸዋል።

"አንተ ልጅ" አሉኝ ወይዘሮ ጸዳለ፣ "አሁኑኑ ሂድ።"

መኪና ውስጥ ሆኜ ፖሊስ ጠራሁ። ከተማውን የሚዞረው አውራ ጎዳና፣ ቤልትዌዩ፣ ተጨናንቆ ስለነበር ለመድረስ ሃምሳ ደቂቃ ፈጀብኝ። ፖሊሱ ቀድሞኝ ደርሶ በሩን እያንኳኳ ነበር። በሩ ላይ ቆሜ ለአራተኛ ጊዜ ደወልኩ። ስልኩ ውስጥ ሲጠራ ይሰማል። የሕንፃው ኃላፊ በራሷ ቁልፍ ከፈተችልን።

በመታጠቢያ ቤቱና በአልጋው መካከል ወለሉ ላይ ተኝቶ ነበር። ዓይኑ ተገልጧል፤ ቀኝ እጁ አይንቀሳቀስም። አጠገቡ ተንበረከክሁ። በተኮላተፈ አንደበት "ቀጠሯችን አለፈ?" አለኝ። አላለፈም አልኩት። በሥራዬ ዘመን ለቃለ መጠይቅ ሰጪ የዋሸሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

ስትሮክ ነበር። የወደቀው እሑድ ጠዋት ነው። ጥቂት ሰዓታት ቢጨመሩ ኖሮ አይተርፍም ነበር ብለው ሐኪሞቹ ነገሩኝ። ዛሬ በከዘራ ይሄዳል፤ ንግግሩ ዝግ ያለ ነው።

ወይዘሮ ጸዳለ ሆስፒታል መጥተው ብዙ አለቀሱ። ሲወጡ ኮሪደሩ ላይ አስቆሙኝ።

"ለአንተስ ማን ነው የሚደውልልህ?"

አባል አይደለሁም አልኳቸው። የጠየቁኝ ግን እሱን አልነበረም፤ ይህ የገባኝ ቤቴ ገብቼ መብራት ሳበራ ነው። በወሩ ተመዘገብኩ። አሁን እሑድ እሑድ ለመስፍን የምደውለው እኔ ነኝ። አንዳንዴ የምናወራው አንድ ደቂቃም አይሞላም። ለእኔ የሚደውሉት ሴትዮ ፌርፋክስ ነው የሚኖሩት፤ በአካል አላውቃቸውም። ድምፃቸውን ስሰማ ቀኑ ቀለል ይለኛል።

መስፍን ሆስፒታል በገባ በማግስቱ ስልኩን ከቤቱ አምጣልኝ ብሎኝ ነበር። ጠረጴዛው ላይ፣ ከወደቀበት ሁለት እርምጃ ርቆ፣ ቻርጅ ላይ እንደተሰካ አገኘሁት። ከእሑድ ጠዋት እስከ ማክሰኞ፣ በሩ እስከተከፈተበት ሰዓት ድረስ፣ ያልተመለሱ አራት ጥሪዎች ያሳያል። አራቱም የእኔ ናቸው።