ወደ ውርጌሳ ከመነሳታችን በፊት

ይህ ታሪክ መጻፍ የሚገባው ስለመሆኑ እርግጠኛ አይደለሁም። ዓለም ከኑክሌር መሣሪያ ነጻ ይሁን ብለን ከመርሳ እስከ ውርጌሳ በእግራችን መሄዳችንን የሰማ ባለ ቦምብ አገር ያለ አይመስለኝም። ሆኖም ትናንት እዚህ ወልድያ፣ ከዩኒቨርሲቲው መኝታ ክፍላችን ፊት ለፊት፣ ልጆች ለኳስ ውድድር አቡጀዲ ዘርግተው በቀይ ቀለም ሲጽፉ ሽታው አፍንጫዬን መታኝና ተመልሼ የአስረኛ ክፍል ተማሪ ሆንኩ።

ጦርነቱ ወንበሮቻችንን ጨርሶብን ድንጋይ ላይ ተቀምጠን የምንማርበት ዓመት ስለነበር፣ የሰላም ክበባችን ኃላፊ መምህር ካሳ አንድ ቦምብ አንድ ከተማ እንደሚያጠፋ ሲነግሩን ማናችንም አልተጠራጠርንም። ሁለት ሁለት ሆናችሁ፣ እጅ ለእጅ ተያይዛችሁ ትጓዛላችሁ አሉን። እኔ መያዝ የምፈልገው የዘይነባን እጅ ነበር። ዘይነባ የጎረቤታችን የልብስ ሰፊው የጋሽ ይማም ልጅ ስትሆን አብረን ነው ያደግነው። ግን አባቷና አባቴ ባለፈው ክረምት በጎርፍ ተጣልተው ነበር። አባቴ ውሃው ወደ ግቢያችን እንዳይገባ አጥሩ ሥር ድንጋይ ካበ፤ ውሃው ወደ እነሱ ዞረ፤ ጋሽ ይማም ከዚያ ከፍ አድርገው ካቡ፤ አባቴ ጨመረ፣ እሳቸውም ጨመሩ፤ በመጨረሻ ሁለት ካብ ተፋጦ ቆመና ውሃው መሐል ላይ ተኝቶ ለሁለታችንም ቤት የወባ ትንኝ ያረባ ጀመር። አባቴ "ከይማም ልጅ ጋር እንዳላይሽ" አለኝ። ጋሽ ይማም ደግሞ ከእኔ እንድትርቅ ክረምቱ ሳይገባ ዘይነባን ኮምቦልቻ አጎቷ ዘንድ ሊልኳት ቆርጠው ነበር።

የጉዞው ዕለት ጠዋት ትምህርት ቤታችን በር ላይ ካለው ዋርካ ሥር ሽማግሌዎች ጋቢያቸውን ለብሰው ቆሙ። መርሳ ላይ እንዲህ ያለ ሰው በማለዳ ተሰብስቦ ከታየ ለቅሶ ነው፤ ሌላ ትርጉም የለውም። እናቶች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ደረሱ። አባቴ ጋራዡን ዘግቶ፣ የእጁን ግራሶ እንኳ በወጉ ሳይጠርግ መጣ። ጋሽ ይማምም ሜትራቸውን አንገታቸው ላይ እንዳንጠለጠሉ መጡ። የተኳረፈ ሰውም ቢሆን ከለቅሶ አይቀርማ።

"ማን ነው የሞተው?" አሉ ሙዝ ሻጯ እትዬ አበበች።

"ማንም አልሞተም፤ ማንም እንዳይሞት ነው የምንሄደው" አሉ መምህር ካሳ።

እትዬ አበበች ነጠላቸውን ወደ ደህናው አዙረው ለበሱና "ከወጣሁ አይቀር እሄዳለሁ" አሉ።

ጉዞውን እንዲመርቁ የተጠሩት ሼህ ኑሩ ግን መጀመሪያ ነገሩን መረዳት ፈለጉ።

"የቦምቡ ባለቤቶች ዘንድ ሽማግሌ ተልኳል?"

"ስንቴ ተለመኑ፣ ሼህ። አንዱ ሌላው ይቅደም ይላል" አሉ መምህር ካሳ።

"ይደገማላ" አሉ ሼህ ኑሩ። ከዚያ ወደ ሰዉ ዞሩ። "በሉ እንግዲህ፣ የተኳረፈ ሰው ካለ ይነገር። ኩርፊያ ባለበት ዱአ አይደርስም።"

ከተማው ሁሉ ያውቃል፤ ከተማው ሁሉ መሬት መሬት አየ። እኔ ግን ጥያቄ ተጠይቆ ዝም ማለት የማልችል ልጅ ስለነበርኩ ልክ እንደ ክፍል ውስጥ እጄን አወጣሁ።

"አለ" አልኩ። አባቴ እንዴት እንዳየኝ ባልጽፈው ይሻላል።

"ደምሴ፣ በምን ነገር ነው?" አሉት ሼህ ኑሩ አባቴን።

"በጎርፍ ነው፣ ሼህ።"

"የት አለ ጎርፉ? ግንቦት አይደለም እንዴ?"

"የሚመጣው ነው" አለ አባቴ፣ ድምፁ እየቀነሰ።

"ገና ላልዘነበ ዝናብ" አሉ ሼህ ኑሩ ለሽማግሌዎቹ። ሰዉ ሳቁን በጋቢው ሸፈነ። "ካቡ ይፍረስ።"

"እሱ ያፍርስና" አሉ ጋሽ ይማም።

"እሳቸው ይቅደሙ" አለ አባቴ።

መምህር ካሳ ፊታቸውን ወደ ዋርካው አዙረው ትከሻቸው እስኪነቀነቅ ሳቁ።

እንግዲህ የሰላም ጉዟችን መጀመሪያ ያመራው ወደ እኛ ቤት ነው። ሼህ ኑሩ አጥሩ ሥር ዱካ ላይ ተቀምጠው "አንተ አንድ፣ አንተም አንድ" እያሉ ድንጋዩን በየተራ አስወረዷቸው፤ አንዱ ትንሽ ድንጋይ ሲመርጥ ሌላው "ያችን ነው የምታነሳው?" እያለ፣ የመጨረሻውን ትልቅ ድንጋይ ብቻቸውን ስላልቻሉት ለሁለት አነሱት። ዱአው እዚያው ተደረገ። ወደ ውርጌሳ የተነሳነው ፀሐይ አናት ላይ ስትሆን ነው፤ እትዬ አበበች ከፊት፣ መፈክር የጻፍንበት አቡጀዲያችን በላባም እጅ ተይዞ ቀይ ቀለሙ እየለቀቀ፣ የመንገዱ ዳር ሰዎች ማንጎና ውሃ እያቀበሉን፣ የዘይነባ እጅ በእጄ ውስጥ እየተንሸራተተ። ኮምቦልቻ መሄዷ ቀረ፤ አስራ ሁለተኛን አንድ ዴስክ ላይ ጨረስን።

ሼህ ኑሩ አርፈዋል፤ ክበቡም ፈርሷል። ያ አስፋልት ከዚያ ወዲህ ስንት ጊዜ ተዘግቶ ስንት ጊዜ ተከፈተ፤ ያን ያህል ሰው ሳይፈራ አብሮ ሲሄድበት ግን ደግሜ አላየሁም። ቦምቦቹም ባሉበት አሉ። የአባቴና የጋሽ ይማም ጸብ ግን ቅዳሜ፣ ግንቦት 19 ቀን 2015 ዓ.ም.፣ ረፋድ ላይ አበቃ።