እማማ ድንቅነሽን አራተኛ ፎቅ የማውጣት ዕቅድ

የሺዋስ ሳህሌ በአንድ የወረዳ ጽሕፈት ቤት የዕቅድና ሪፖርት ባለሙያ ነበር። ቦዩ ተቆፍሮ ቧንቧው ካልመጣ «አፈጻጸሙ አበረታች ነው» ብሎ ይጽፋል። ቧንቧው መጥቶ ውኃው ካልመጣ «ተጠናቋል» ይላል። ውሸታም እንዳይመስላችሁ። ውሸት የሚባለው የሚያምን ሲኖር ነው፤ የየሺዋስን ሪፖርት ግን አለቆቹም፣ የአለቆቹ አለቆችም አያምኑትም ነበር፤ በየስብሰባው እያጨበጨቡ ይቀበሉታል እንጂ።

የኮንዶሚኒየም ዕጣ ገላን ላይ፣ ያውም አራተኛ ፎቅ ሲወጣለት ከሚስቱ ከእየሩሳሌም ጋር ተቃቅፈው እልል አሉ። ሕንፃው አሳንሰር እንደሌለው ትዝ ያላቸው ሶፋው ደረጃው መታጠፊያ ላይ ሲቀረቀር ነው። ውኃውም ቢሆን እዚያ ድረስ መውጣት ስለሚደክመው ምድር ካለው ቧንቧ በጀሪካን እየተቀዳ ይወጣል። ሰው ግን ይለምዳል፣ እነሱም ለመዱት።

ያልተለመደው የእናቱ ነገር ነው። ወይዘሮ ድንቅነሽ አቃቂ ባቡር ጣቢያው አጠገብ፣ ሟቹ ባላቸው የባቡር ሠራተኛ ሳሉ በገቡበት ቤት ከሴት ልጃቸው ጋር ይኖራሉ። ጉልበታቸው ከከዳቸው፣ ዐይናቸውም መልክ መለየት ከተወ ቆይቷል። የልጃቸውን ቤት አንድ ቀን እንኳ ስላልረገጡት «እናት ያልመረቀችው ቤት ምኑ ቤት ነው?» እያሉ ይብሰለሰላሉ። የሰፈር ጎረምሶች በወንበር ተሸክመው ያውጡዎት ሲባሉ ተቆጡ። «በቃሬዛ የምሄድበት ቀን ሩቅ አይደለም፤ እሱን አታስቀድሙብኝ» አሉ። ከዚያ ወደ ልጃቸው ዞሩ። «አንተን ጎረቤት እስኪስቅብኝ ድረስ አዝዬሃለሁ። አንድ ቀን እዘለኝ።»

«ለፋሲካ!» አለ የሺዋስ አፉን ሞልቶ። ዐቢይ ጾም ሊገባ ጥቂት ቀን ቀርቶት ነበር። የሺዋስ እንግዲህ ከወንበር ሲነሳ ጠረጴዛ የሚደገፍ ሰው ነው።

ሌላ ሰው ቢሆን በማግስቱ ቁጢጥ ብድግ ማለት ይጀምር ነበር። የሺዋስ ግን ማቀድ ጀመረ። በቢሮው ኮምፒውተር ስለ ሰውነት ማጠንከሪያ አንድ ጽሑፍ አገኘ፤ ብረት ሳያነሱ በራስ ክብደት ብቻ የሚሠራ። ጽሑፉ ግልጽ ነበር። ጀማሪ ፑሽ አፕን ግድግዳ ላይ ይጀምር፣ ሲቀለው ወደ ጠረጴዛ፣ ከዚያም ተንበርክኮ፣ በመጨረሻ መሬት ላይ ይውረድ። እግሩንም እንደዚሁ በየደረጃው ያጠንክር። አንድ ቀን ከሠራ አንድ ቀን ይረፍ። ቀስ ብሎ እስከ ታች ይውረድ፣ ወገቡን ቀጥ ያድርግ፤ አሠራሩ ከተበላሸበት ያቁም እንጂ ቁጥር ለመሙላት አይታገል።

የሺዋስ ይህን ሁሉ እንደ አጠቃላይ አቅጣጫ ተቀበለው። ከዚያ በሙያው አሻሻለው። ግድግዳውንና ጠረጴዛውን «የተለጠጠ ዕቅድ አይደለም» ብሎ ሰረዛቸው። የእረፍት ቀናቱን የጊዜ ብክነት ሆነው አገኛቸው። የእግሩን ሥራ ወደሚቀጥለው ሩብ ዓመት አሸጋገረው፤ ደረት ቶሎ ይታያል፣ እግር ግን ያው ሱሪ ውስጥ ነው። «ስጋቶች» በሚለው ሥር «ጾም» ብሎ ጻፈ። «የመፍትሔ አቅጣጫ» በሚለው ሥር ደግሞ «ግንዛቤ ማስጨበጥ» አለ። ማንን እንደሚያስጨብጥ አልገለጸም።

እየሩሳሌም ማቀዝቀዣው ላይ የተለጠፈውን ወረቀት አንብባ ስትጨርስ ባሏን ከላይ እስከ ታች አየችው።

«እማማን በደረትህ ነው የምታወጣቸው?»

«ሂደት ነው» አላት።

ሰኞ ጠዋት ሂደቱ ተጀመረ። የሺዋስ ምንጣፉ ላይ ተዘረጋ፣ ክርኑን አጠፍ፣ ጭንቅላቱን እንደ ዶሮ ነቅነቅ አደረገና «አንድ!» አለ። በደረቱና በመሬቱ መካከል ሌላ ሰው ያልፋል። ወገቡ ስለሰረጎደ ምንጣፉን የሚሳለመው ሆዱ ብቻ ነው። ቁጥሩ ግን ይሮጥ ነበር። የመጀመሪያው ሳምንት አፈጻጸም ከመቶ በላይ ሆነ፣ የሁለተኛው ከዚያም በለጠ። ትከሻውን ሲያመው «ጡንቻ እየመጣ ነው» አለ፤ ቢሮም ሸሚዙን ወጥሮ፣ ክንዱን ከጎኑ አራርቆ መሄድ ጀመረ፤ ብብቱ ሥር ሐብሐብ የያዘ ይመስል።

በጾሙ እኩሌታ፣ የደብረ ዘይት ዕለት፣ እናቱን ሊጠይቅ አቃቂ ሄደና ጉልበቱን ሊያሳያቸው ወለሉ ላይ ተነጠፈ። እማማ ድንቅነሽ ከአልጋቸው ጠርዝ ሆነው ቁጥሩን ሲሰሙ ቆዩ። ዐይናቸው ባያይም ሞኝ አይደሉም። ምርኩዛቸውን በወለሉ ላይ አስጠግተው በደረቱ ሥር አሾለኩት። ምርኩዙ ምንም ሳይነካው ወዲያ ማዶ ወጣ።

«ምንድን ነው ይሄ የምትቆጥረው?»

«ፑሽ አፕ ነው እማዬ፤ ስፖርት።»

«ስግደት ቢሆን አንዱም አይቆጠርልህ። ግንባሬን መሬት ሳላስነካ ሰገድኩ ብል የንስሐ አባቴ ከመጀመሪያው ያስጀምሩኝ ነበር።» እማማ ድንቅነሽ ጉልበታቸው ደህና ሳለ በየሕማማቱ ሲሰግዱ የኖሩ ሰው ስለሆኑ ይህን ያውቃሉ።

የሺዋስ ሳቀ። «ነይ በተግባር እንየው» ብሎ ጀርባውን ሰጣቸው። እናቱ አንገቱን አቀፉ። እሱም ተነሳ፤ ማለትም ለመነሳት አቀደ። ጉልበቱ ተብረከረከ፣ ወገቡ እምቢ አለ፣ ሁለቱም ተያይዘው አልጋው ላይ ዝርግፍ አሉ።

ደግነቱ አልተጎዱም። እናቱ ነጠላቸውን አስተካከሉ። ቢቆጡት በተሻለው። «ግድ የለም ልጄ» አሉ ቀስ ብለው። «ፎቶ አንሥተህ አምጣልኝ።»

ዐይናቸው ፎቶ እንደማያይ ሁለቱም ያውቃሉ። የሺዋስ ወደ ገላን ሲመለስ ሚኒባሱ ውስጥ እንባው ዝም ብሎ ወረደ፤ ረዳቱ እንኳ ሒሳብ መጠየቅ ፈርቶ ዘለለው።

ቤቱ እንደገባ ወረቀቱን ከማቀዝቀዣው ላይ ገነጠለና ግድግዳውን ተደገፈ። ከግድግዳው ጀመረ። ለእግሩ ዱካ አቀረበ፤ ቀስ ብሎ መቀመጥ፣ ምንም ሳይዙ መነሳት። ዳኛዋ እየሩሳሌም ነበረች። ቂጡ ዱካውን ሳይነካ ከተነሳ «አልተቆጠረም!» ትላለች፤ ወገቡ ከጎበጠ «አልተቆጠረም!»። ይህን ቃል ስትለው የጋብቻ ዘመኗን ቂም ሁሉ የምትወጣበት ይመስል ነበር። ግድግዳው ሲቀለው ወደ ጠረጴዛ ተሻገረ፤ ዱካው ሲቀለው ወደ ደረጃው። መጀመሪያ ግማሽ ጀሪካን ይዞ ሁለተኛ ፎቅ፣ በኋላ ሙሉውን ይዞ ቤቱ ድረስ። በእረፍቱ ቀን አረፈ፤ ይህንን ያለ ልምምድም ይችልበታል። አዲሱ ወረቀት ላይ የሚጻፈው ቁጥር ጥቂት ነበር፤ ሳምንት አልፎ ሳምንት ሲመጣ ትንሽ ከፍ ይላል፣ አንዳንዴም ይወርዳል። እንዲህ ያለ ወረቀት ለአለቆቹ ቢያቀርብ በግምገማ ያንገበግቡት ነበር። እሱም ይህን ስለሚያውቅ እውነቱን ማቀዝቀዣው ላይ ትቶ ቢሮ ይገባና «ተጠናቋል» እያለ ይውላል።

የፋሲካ ዕለት ባጃጁ እማማ ድንቅነሽን ሕንፃው ሥር አወረዳቸው። ጎረቤቱ ሁሉ የዶሮ ወጡን ትቶ ሊያይ ወጣ። እየሩሳሌም አማቷን በጋቢ ከባሏ ጀርባ ጋር እንደ ሕፃን አጥብቃ አሰረችና «ወገብህን ቀጥ!» አለችው። የሺዋስ ተነሳ። ይሄኛው በእርግጥ መነሳት ነበር።

አንደኛው ፎቅ ላይ ለሚያዩት ሰላምታ ሰጠ። ሁለተኛው ላይ ሰላምታውን ተወ። ሦስተኛው ላይ ሲደርስ ጭኑ ነደደ፣ ላቡ ዐይኑ ውስጥ ገባ፣ ጉልበቱም ያንን የአቃቂውን መንቀጥቀጥ ጀመረ። እዚያ የሚኖሩት ጋሽ ቡልቻ፣ ሕንፃው ሳይቆም በፊት እዚሁ መሬት ላይ ጤፍ ያርሱ የነበሩ ሽማግሌ፣ አዘኑለት። በራቸውን ወለል አድርገው ከፍተው ጆሮው ሥር አንሾካሾኩ።

«እዚሁ አስገባቸው፣ ምን ቸገረህ? ቤቱ እንደሆነ አንድ ዓይነት ነው፤ በሩም፣ መስኮቱም። እሳቸው አይለዩትም። ልትገድላቸው ነው።»

የሺዋስ አየ። እውነትም ቁርጥ የሱ ቤት ነው። ሶፋው ሳይቀር ይመሳሰላል።

«ደረስን?» አሉ እናቱ ከጀርባው።

በሙያ ዘመኑ እንዲህ የተመቻቸ ሪፖርት ገጥሞት አያውቅም። የሚቃወም የለም፣ የሚያጣራ የለም፣ ተጠቃሚዋም ደስተኛ ናቸው። ቃሉ ምላሱ ጫፍ ላይ ነበር።

«አልደረስንም እማዬ» አለ። «አንድ ፎቅ ይቀራል። ደክሞኛል።»

ሲናገረው ራሱም ደነገጠ።

«እንግዲያው እረፍ» አሉት። «እኔስ አንተን አዝዬ ስንት ቦታ አርፍ አልነበር?»

ግድግዳውን ተደግፎ አረፈ። ማንም አልሳቀም። ትንፋሹ ሲመለስለት ጋሽ ቡልቻን በዐይኑ አመሰገነና የመጨረሻውን ደረጃ ጀመረ። አልቸኮለም፤ እግሩን ሙሉውን እያሳረፈ፣ ወገቡን ቀጥ አድርጎ ወጣ። ደጃፉ ላይ ሲቆም «ደረስን» አለ።

«ቆይ፣ አታስገባኝ» አሉ እማማ ድንቅነሽ። እጃቸውን በትከሻው ላይ አሳልፈው በሩን ዳሰሱት። ከዚያ በትከሻው በኩል ጎንበስ ብለው ግንባራቸውን በሩ ላይ አሳረፉ።

«አሁን ተቆጠረ» አሉ።