የእትዬ አስካለ ዘዴ

መብራት በጠፋ ቁጥር ጎረቤቴ ኩራዝ ትለኩሳለች። የላምባው ሽታ በመስኮት ሲገባ ሌላው ሰው የጥናት ጊዜውን ያስታውስ ይሆናል፣ እኔን ግን ጉለሌ ወደነበረው የአባቴ ቤት ወስዶ አልጋ ሥር ያንበረክከኛል።

እትዬ አስካለ የአባቴ ታላቅ እህት ነበረች። በልጅነታችን አንቱ እንላት ነበር፤ እዚህ ግን አልላትም፣ ቅር የሚለው ዘመድ ካለ ቅር ይበለው። ብዙ ዘመን በአንድ መስፍን ቤት አገልግላ፣ የትልቅ ሰው ቤት አያያዝ ተምሬያለሁ ብላ፣ በአንድ ክረምት ማብቂያ ሳጥኗንና አንድ ሸክም አሮጌ ጋዜጣ ይዛ እኛ ዘንድ ገባች። ብዙም ሳትቆይ ሰፈሩ ሁሉ ምክር የሚጠይቃት ሆነች። ዘዴዎቿ ሁሉ ውሸት ነበሩ አልልም። ያረረ ድስት አመድና ውኃ ተሞልቶ ሲያድር ይለቅ ነበር፣ የሚጮህ በር ማጠፊያው በጧፍ ሲታሽ ዝም ይል ነበር፣ የአይጥ ጉድጓድ በጠርሙስ ስባሪ ሲደፈን አይጧ ሌላ ቤት ትፈልግ ነበር፣ እርጥብ የባሕር ዛፍ ቅጠልም ሰሌን ሥር ሲነጠፍ ቁንጫው ይቀንስ ነበር። ቅጠሉን ከዳገቱ ለቅማ የምታመጣው ግን እማዬ ነበረች፣ ድስቱን የምፈትገውም እኔ።

በዚያው ጳጉሜ የጭቃው ግድግዳችን አፈር እየረገፈ ምግብ ላይ እንዳይወድቅ በሚል ዱቄት በውኃ አፍልታ ሙጫ ሠራችና ቤቱን ከዳር እስከ ዳር ጋዜጣ አለበሰችው። የንጉሡ ፎቶግራፍ ያለበት ገጽ ተዘቅዝቆ እንዳይለጠፍ እኔ ተቆጣጣሪ ሆኜ ነበር። ቤቱ ፈካ። ጎረቤቶች እየገቡ አይተው ወጡ፣ ብዙዎቹም ለዘመን መለወጫ የየቤታቸውን ለጠፉ።

በመስከረም የእማዬ ታናሽ እህት ዘነበች ከሱሉልታ መጣች። በጥቂት ዓመት ብቻ ትበልጠኝ ነበር። አያቴ ከተማ ወርዳ እንድትማር የፈቀደላት ለአንድ ዓመት ነበር፤ ክፍሏን ካለፈች ትቀጥላለች፣ ካላለፈች ተመልሳ ትዳር ትይዛለች ብሎ ቆርጦ ነገራት። የምትተኛበትን አጎዛ ጠቅልላ፣ ደብተር እንኳ ሳይኖራት መጣች። አፏን የፈታችው በኦሮምኛ ስለነበር አማርኛ ማንበብ ያስቸግራት ነበር፤ ማታ ማታ ከአልጋው በላይ ያለውን ግድግዳ በጣቷ እየተከተለች፣ ያልገባትን ቃል እየጠየቀችኝ ታነብ ነበር። እስከ ገና ድረስ ያንን ግድግዳ ጨርሳ ወደ በሩ ጎን ተሻግራ ነበር።

በጋው ገፍቶ ሙቀቱ ሲበረታ ትኋን ይበላን ጀመር። ጠዋት አንሶላው ላይ የደም ነጠብጣብ እናይ ነበር። እትዬ አስካለ ያን ጊዜ የአልጋውን እግሮች ላምባ የተሞሉ ጣሳዎች ውስጥ አቆመቻቸው፤ ከወለል የሚወጣው ሁሉ እዚያው ሰጥሞ ይቀራል አለች። ጣሳዎቹን ተንበርክኬ የምሞላው እኔ ስለነበርኩ ምሳዬ ሁሉ ላምባ ላምባ ይለኝ ነበር። ትኋኑ ግን አልቀነሰም። አንድ ቀን እማዬ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣

«እትዬ፣ አልጋውን ከግድግዳው ፈቀቅ ብናደርገውስ?» አለች።

«መሀል ቤት የሚቆም የበሽተኛ አልጋ ነው። ደግሞ ግድግዳው ምን አደረገሽ? ስላማረ ነው?»

እማዬ ዝም አለች። ዝም ማለት ልማዷ ነበር፤ በዚህ እስከ ዛሬ እከፋባታለሁ።

ፋሲካ ሲደርስ ወሬው ከቤት ወጣ። ምክር ስትቀበል የኖረች አንዲት ጎረቤታችን በራችን ላይ ቆማ፣ «እትዬ አስካለ፣ ለሰፈሩ ሲያድሉ ለቤትዎ ዘዴ አለቀብዎ እንዴ? ልጆቹ እኮ ቅዳሴውን ሲያኩ ነው የሚጨርሱት!» ብላ ሳቀች። እትዬ አስካለም አብራት ሳቀች፣ ሴትዮዋ ስትሄድ ግን ፊቷ ጠቁሮ ነበር። ራት ላይ አባቴን፣

«ከመስከረም በፊት እዚህ ቤት ትኋን ነበር?» አለችው።

«ኧረ አልነበረም።»

«እንግዲያ ከመስከረም ወዲህ ማን እንደገባ አንተው አስበው።»

ጋዜጣውም የገባው ያን ሰሞን ነበር፤ ያንን ያሰበ ግን አልነበረም። በማግስቱ የዘነበች አጎዛ ግቢ ውስጥ ላምባ ተርከፍክፎበት ነደደ። ዘነበች ደጃፉ ላይ ቆማ፣ «እናቴ ናት ያለፋችልኝ» አለች። ትኋኑ እንደበላን ቀጠለ። እትዬ አስካለ ደግሞ፣ «በልብሷ ስፌት ይዛው ትዞራለች» ማለት ጀመረች።

በግንቦት አባቴ ዘነበች ወደ አገሯ ትመለስ አለ። የዓመቱ መጨረሻ ፈተና ደርሶ ነበር። እግሩ ላይ ወድቃ፣ «ጋሼ፣ ፈተናውን ብቻ ልፈተን፤ እስከዚያ ውጭ እተኛለሁ፣ ቤት አልገባም» ስትለው አባቴ እህቱን አየ፤ እህቱ ነጠላዋን አስተካከለች። ጠዋት እማዬ እስከ እንጦጦ ማርያም ሸኝታ፣ ለሱሉልታ ገበያተኞች አደራ ሰጥታት ተመለሰች።

በሐምሌ ጣሪያው አፍስሶ ግድግዳው ራሰ፣ ከአልጋው በላይ ያለው ጋዜጣ አብጦ ተንጠለጠለ። አባቴ ሲስበው ተገሽልጦ በእጁ ቀረ። ከጀርባው፣ በደረቀው ሙጫ እጥፋት ውስጥ ትኋኑ ከነእንቁላሉ ተቸምችሞ ነበር። ቆመን አየን።

«ልጅቷ አይደለችማ» አለች እማዬ።

እትዬ አስካለ ግን፣ «ሙጫው እሬት ያስፈልገው ነበር። እሬት የገባበት ወረቀት ትኋን አያስጠጋም» አለች። ጳጉሜ ሲመጣ ሰፈሩ ሁሉ በምክሯ እሬት እየጨመቀ ሙጫው ውስጥ ይጨምር ነበር፣ ምስጋናውም ለእሷ ነበር። እማዬ አባቴን፣ «ታዲያ እህቴን ላስመጣት?» ብትለው፣ «አሁን መንገዱ ጭቃ ነው፣ በመስከረም እናየዋለን» አላት። በመስከረም የመጣው የሠርግ ጥሪ ነበር። አያቴ በቃሉ ጸንቶ ነበር፤ ያልተፈተነ ደግሞ አያልፍም።

እትዬ አስካለ ካረፈች ቆይቷል። ዘመድ በተሰበሰበ ቁጥር የእሬቱ ነገር ይነሳና፣ «እንዴት ያለች ባለ ዘዴ ነበረች!» ይባላል። የዘነበችን ስም የሚያነሳ ስላላገኘሁ እኔ አነሳሁት።

ባለፈው ዓመት ልጄ ቤት ትኋን ተገኘ። መርጫ ያዘለ ሰው መጥቶ የአልጋውን ስንጥቅ፣ የግድግዳውን ጥግና የመጋረጃውን እጥፋት በባትሪ እያበራ መረመረ፤ ማን አመጣው ብሎ የጠየቀ አልነበረም። መድኃኒቱ እስኪደርቅ ውጭ ዋልንና ሲመሽ ሁላችንም ተመልሰን ገባን። የማታ ትምህርት የምትማረው የቤት ሠራተኛቸውም ከክፍል ስትመለስ በሩን አንኳኳች፣ ተከፈተላት።